ዳውላውን ፈርተው አህያውን

ተረት ተረት!

የመሠረት!

እንስሳት እንደ ሰው መሥሪያ ቤት ከፍተው፣ እንደ ሰው ስብሰባ ተቀምጠው፣ እንደ ሰው አበል የሚቀበሉበት አንድ አገር ነበረ። ንጉሡ አያ አንበሶ ከወንዙ ማዶ፣ ከትልቁ የእህል ጎተራ አጠገብ ይኖራል። ከወንዙ ወዲህ ያለውን ደጋና ቆላ የሚያስተዳድሩት ደግሞ አቶ ዝሆን ናቸው። አቶ ዝሆን ትልቅ ናቸው፤ ወንበራቸውም ትልቅ ነው፤ ፊርማቸው ብቻውን የገጹን ሲሶ ይይዛል።

አገሩ በቅርቡ ዘምኗል። «ወረቀት አልባ አሠራር» የሚል መመሪያ ወጥቶ፣ ደብዳቤ ሁሉ በኢሜይል እንዲመላለስ ተወስኗል። መመሪያው ራሱ በወረቀት ታትሞ፣ ማህተም ተመትቶበት፣ በየቢሮው በር ላይ ተለጠፈ። ለኢሜይሉ ሥራ ባለሙያ ሲፈለግ ከአህያ ሌላ እጩ የጠቆመ አልነበረም፤ ድሮም የአገሩን ጭነት የሚሸከመው እሱ ነበርና። አህያም ኮርሱን ወስዶ፣ በጀርባው የሚያውቀውን የጭነት ነገር በጭንቅላቱም አወቀው።

አንድ ዓመት፣ ሚያዝያ ሲጋመስ፣ በቆላው ጣቢያ የምትሠራው ጥንቸል ለዋናው መሥሪያ ቤት እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «የዘር እህላችንን ነቀዝ ጨርሶታል። የማሽላውና የበቆሎው ዘር ግንቦት ሳይወጣ ከንጉሡ ጎተራ ይላክልን።» በቃ፣ ይኸው ነው። ከአንድ ኪሎባይት ያነሰ መልእክት።

መልእክቱ እንዳለ ወንዙን ቢሻገር ኖሮ ተረት የሚወጣው ነገር አይኖርም ነበር። ነገር ግን መጀመሪያ የደረሰው ለጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ለእመት ጦጣ ነው። እመት ጦጣ አነበበችውና ቅንድቧን ሰቀለች።

«ለንጉሥ በሁለት መስመር ይጻፋል እንዴ? ጌታዬ ከዚህ በታች ሆነው ሊታዩ ነው?»

ስለዚህ ደብዳቤው አርማ ባለበት ወረቀት ላይ እንደገና ተተየበ። መግቢያ ተጨመረለት፤ ከመግቢያው በፊትም መቅድም ገባ። የመሥሪያ ቤቱ ያለፉት ዓመታት ስኬቶች ተዘረዘሩ። አቶ ዝሆን የዘር ማከማቻ ሲመርቁ፣ ችግኝ ሲተክሉ፣ ሪባን ሲቆርጡ የተነሷቸው ፎቶዎች ካሜራው ባወጣቸው መጠን ሳይነኩ ገቡ። ጥንቸል የጠየቀችው ዘር በዘጠነኛው ገጽ፣ ከስኬቶቹ በኋላ፣ «በተጨማሪም» በሚል አንቀጽ ሥር ተቀመጠ።

ከዚያ ሁሉም ገጽ ታተመ። አቶ ዝሆን ፈረሙበት፤ ማህተም ተመታበት። ወረቀት አልባ አሠራር ነውና ወረቀቱ ተመልሶ ወደ ስካነር ገባ። የማህተሙ ወይን ጠጅ ቀለም ለንጉሡ ዐይን እንዲያምር ስካን የተደረገው በቀለም፣ ማሽኑ በሚችለው ከፍተኛ ጥራት፣ በ600 ዲፒአይ ነበር። በዚህ ጥራት አንድ ኤፎር ገጽ ሳይጨመቅ ከ100 ሜጋባይት ያልፋል። ማሽኑ እንደ ምንም ጨምቆ ጨምቆ ሰነዱን በሙሉ 60 ሜጋባይት ላይ አደረሰው። ነገሩ ሲነሣ ከአንድ ኪሎባይት በታች እንደነበር ያስታወሰ አልነበረም።

አህያ ሰነዱን ሲያይ ጆሮው ቆመ። «እመት ጦጣ፣ ይህ እኮ...»

«አንተ ላክ ተባልህ እንጂ መዝን ተባልህ?»

ላከ። «በመላክ ላይ» የሚለው ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ተቀምጦ ቀረ። የመሥሪያ ቤቱ መስመር ለሚቀበለው ፈጣን፣ ለሚሰጠው ዘገምተኛ ነበር፤ እንዲህ ያለ መስመር በብዙ ቤት አለ። መብራት ሲጠፋ ወይም ኔትወርክ ሲቆረጥ ደግሞ ኢሜይል ካቆመበት አይቀጥልም፤ ከሀ ይጀምራል። ከብዙ መውደቅና መነሣት በኋላ ሰነዱ የመሥሪያ ቤቱን በር አልፎ ወጣ። ቢሮው አጨበጨበ። ጭብጨባው ሳያበቃ ደብዳቤው ከንጉሡ በር ተመለሰ። አናቱ ላይ 552 እና 5.3.4 የሚሉ ቁጥሮች፣ ሥሩም አንድ መስመር የፈረንጅ ጽሑፍ ነበረው። ትርጉሙ «መልእክቱ በሩ ከሚችለው መጠን በላይ ነው» ማለት ነው።

አቶ ዝሆን ጠየቁ፦ «ምን ይላል?»

እመት ጦጣ ለዝሆን «ከመጠን በላይ ነዎት» ብሎ መናገር ምን እንደሚያስከትል ታውቃለች። ትንሽ አሰበችና፣ «ጌታዬ፣ በሩ እንዲህ ያለ ትልቅ ደብዳቤ አይቼ አላውቅም ነው የሚለው» አለች።

አቶ ዝሆን ደስ አላቸው። ጥቂት ቆይተው ግን፣ «ታዲያ ለምን መለሰው?» አሉ። ይህን ለማጣራት ኮሚቴ ተቋቋመ።

ኮሚቴው ግንቦትን ሙሉ ተቀመጠ። መጀመሪያ የተናገረው ዝንጀሮ ነበር። «ደጋግመን እንላከው፤ በሩ ሰልችቶት ይከፍታል» አለ። ተላከ፤ ተመለሰ። ተላከ፤ ተመለሰ። የሚመለሰው ቁጥር በ4 የሚጀምር ቢሆን ኖሮ «አሁን አልተመቸኝም፣ ቆይተህ ሞክር» ማለት ስለሆነ የዝንጀሮ ምክር በሠራ ነበር። በ5 ሲጀምር ግን «እንዳለህ አትመለስ፣ የሆነ ነገር ለውጠህ ና» ማለት ነው። አህያ ይህን ሊናገር እጁን አነሣ፤ ሰብሳቢው አላየውም።

ቀበሮ ቀጠለ። «ዚፕ እናድርገው፤ ይቀንሳል።» ተደረገ። 60 የነበረው 58 ሆነ። ፎቶም ሆነ ስካን የተደረገ ገጽ አስቀድሞ የተጨመቀ ስለሆነ ዚፕ የሚያወጣለት ትርፍ አየር አያገኝም። ቀበሮ ግን ለሁለቱ ሜጋባይት የምስጋና ምስክር ወረቀት ተሰጠው።

ከርከሮ ደግሞ፣ «አምስት ቦታ እንክፈለው» አለ። ይህ ሊያዋጣ ትንሽ ቀረው። አራቱ ክፍሎች ገቡ፤ ሦስተኛውን ግን የንጉሡ ጥበቃ ስሙና ቅርጹ አጠራጣሪ ነው ብሎ ያዘው። እንዲህ የተከፈለ ሰነድ አንዱ አካሉ ከጎደለ አይከፈትም። በንጉሡ ቢሮ አራት ስብርባሪ ተቀምጦ ቀረ።

በመጨረሻ አያ ጅቦ ጉሮሮውን ጠርጎ ተነሣ። «ችግሩ ግልጽ ነው። በራችን ጠባብ ነው። 100 ሜጋባይት ብቻ ነው የሚያሳልፈው። አዲስ በር በጨረታ እንግዛ» አለ። ጨረታ የሚለው ቃል ሲሰማ የኮሚቴው አባላት በሙሉ ነቁ።

በዚያ ሁሉ ስብሰባ፣ ጭነቱን ማን ጫነው፣ ለምንስ ይህን ያህል ከበደ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚለው የአበው ተረት በዚያ አገር ተገልብጦ ነበር። ዳውላው የአቶ ዝሆን ስለሆነ ሁሉም ዳውላውን ፈሩ፤ በትሩም አህያው ላይ አረፈ። የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ፣ «ለመልእክቱ አለመድረስ ምክንያቱ የባለሙያው የአቅም ማነስ ሆኖ ተገኝቷል» አለ። አህያም ቀርቦ መልስ እንዲሰጥ ተጠራ።

«ክቡርነትዎ» አለ አህያ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ «ይህን መንገድ የሠሩት የሰው ልጆች ናቸው። ጆን ፖስቴል የሚባል ሰው የመንገዱን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲጽፍ፣ የሚያልፍበት ተራ ጽሑፍ ብቻ ነበር፤ ያውም የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና ነጥብ። ፎቶ አያልፍም፤ ድምፅ አያልፍም፤ የእኛ ፊደል እንኳ አያልፍም ነበር።»

«ታዲያ የእኔ ፎቶ በየት አለፈ?»

«በ1992 ናትናኤል ቦረንስታይንና ኔድ ፍሪድ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ብልሃት አመጡ። መንገዱን አላፈረሱትም፤ ጭነቱን ወደ ፊደል መነዘሩት። ቦረንስታይን በዚያው ዓመት ማርች 11 ቀን የአራት ዘፋኞችን ፎቶና ዘፈን አያይዞ ላከ። እኛም እስከ ዛሬ አባሪ የምናያይዘው በዚያው ብልሃት ነው። ብልሃቱ ግን የራሱ ቀረጥ አለው። ሦስት ባይት የነበረው በፊደል ሲመነዘር አራት ይሆናል። እርስዎ 60 ብለው የላኩት መንገድ ላይ 80 ነው።»

አቶ ዝሆን ጆሮዎቻቸውን አርገበገቡ። «የእኛ በር 100 ያሳልፍ የለም እንዴ?»

«ያሳልፋል፤ ለዚህም ነው ከዚህ የወጣው። ነገር ግን ደብዳቤ የሚያልፈው በአንድ በር ብቻ አይደለም። የሚወስነው ከሁሉም ጠባቡ ነው። የንጉሡ በር ልኩ 20 ነው። የበሩ ጠባቂ ጃርት ገና ሰላምታ ስንለዋወጥ ‹ከ20 በላይ አልቀበልም› ብሎ ያስታውቃል። 20 ማለትም በእኛ ሚዛን ከ15 በታች ማለት ነው፤ ቀረጡ ሌላውን ይበላዋል። ሰዎቹ የሚጠቀሙበት ጂሜይል እንኳ ለላኪ የፈቀደው 25 ነው።»

«መፍትሔውን ተናገር።»

«መፍትሔው ቀላል ነው፣ ክቡርነትዎ። ስካኑ በግራጫ፣ በ150 ዲፒአይ ይሁን። ቁመቱም ወርዱም ወደ ሩብ ስለሚወርድ የነጥቡ ብዛት አሥራ ስድስት ጊዜ ያንሳል፤ ጽሑፉ ይነበባል፤ ማህተሙም ይታያል። ፎቶዎቹ ይቀነሱ። ይህም ካልበቃ ሰነዱን በጋራ ማስቀመጫ አኑረን አድራሻውን፣ ሊንኩን ብቻ እንላክ፤ ግን እዚያ ለንጉሡ ቢሮ የመክፈት ፈቃድ መስጠት እንዳይረሳ። ከሁሉ በፊት ደግሞ...» አህያ ትንፋሽ ወሰደ። «ከሁሉ በፊት ጥንቸል የጻፈችው ሁለት ዐረፍተ ነገር ያለ አባሪ፣ እዚያው ኢሜይሉ ውስጥ ይጻፍ። ንጉሡ የሚያስፈልጋቸው እሱ ነው።»

አዳራሹ ጸጥ አለ። አቶ ዝሆን ቀስ ብለው፣ «ትልቅነትህን ቀንስ ነው የምትለኝ?» አሉ።

«ጭነትዎን ነው፣ ጌታዬ።»

«ደፈረ!» ብላ ጮኸች እመት ጦጣ። ኮሚቴውም ተከትሎ ጮኸ። አህያ «የመሥሪያ ቤቱን ገጽታ በሚያጎድፍ ንግግር» የሁለት ወር ደመወዙ ተቀጥቶ ወደ ወፍጮ ቤት ተዛወረ። የእህል ከረጢት ስለመሸከም ብዙ እንደሚያውቅ በዝውውር ደብዳቤው ላይ በበጎ ጎኑ ተጠቅሶለታል።

ሰኔ ገባ። ጨረታውን ያሸነፈው የአያ ጅቦ አክስት ልጅ ነበር። በሩ ከ100 ወደ 150 ሜጋባይት ሰፋ። የምረቃ በዓል ተደረገ፤ የምረቃው ፎቶም በሰነዱ ላይ ተጨመረ። ደብዳቤው በአዲሱ በር በግርማ ሞገስ ወጣ፤ ጃርትም እንደ ልማዱ መለሰው። የራሳቸውን ደጃፍ ባሰፉ ቁጥር የሰው ደጃፍ እንደማይሰፋ ያወቁት ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ነው።

ሐምሌ ሲጋመስ እመት ጦጣ ማታ፣ ሁሉም ከቢሮ ከወጣ በኋላ፣ የአህያን ምክር በድብቅ ሞከረችው። ሰነዱን በአቶ ዝሆን ስም በጋራ ማስቀመጫ አኖረችና ሊንኩን ላከች። ሊንክ የቁንጫ ያህል አይከብድም፤ ወዲያው ደረሰ። ችግሩ እመት ጦጣ ምክሩን የወሰደችው እስከ ግማሹ ድረስ ብቻ መሆኑ ነበር፤ ፈቃዱን አልከፈተችም። የንጉሡ ጸሐፊ ጉሬዛ ሊንኩን ሲነካው፣ «ለመክፈት ባለቤቱን ያስፈቅዱ» የሚል ጽሑፍ መጣበት። ጉሬዛም ደንበኛ ሠራተኛ ስለሆነ በዚያው ሰዓት ለአቶ ዝሆን የፈቃድ ጥያቄ ላከ።

ጥያቄው አልገባም። አቶ ዝሆን ገና ከመጀመሪያው፣ ደብዳቤው በተላከ ቁጥር ለአርባ የሥራ ክፍሎችና ለራሳቸው ግልባጭ «ለእንዲያውቁት» እንዲደርስ አዝዘው ነበር። በዝንጀሮ ምክር ተደጋግሞ የተላከው፣ በቀበሮ ምክር ዚፕ የሆነው፣ በከርከሮ ምክር የተከፈለው ሁሉ በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ በየቅጂው ተከምሯል። የአቶ ዝሆን የኢሜይል ሳጥን በራሳቸው ደብዳቤ ሞልቶ ነበር። የጉሬዛ ጥያቄ 5.2.2 የሚል ቁጥር ተለጥፎበት ተመለሰ፤ «የተቀባዩ ሳጥን ሞልቷል» ማለት ነው። የአርባው ክፍል ሳጥንም እንደዚያው ሞልቶ ስለነበር በዚያ ክረምት ከየትም ለማንም የሚደርስ መልእክት አልነበረም። ቢሮው እጅግ ሰላም ሆነ። አቶ ዝሆን፣ «ቅሬታ ጠፍቷል» ብለው በሪፖርታቸው አሰፈሩት።

በቆላው ዝናቡ ወርዶ መሬቱ ጠግቧል። የጥንቸል ጎረቤቶች እርፍ ይዘው ዘር ይጠብቃሉ። ጥንቸል ለዋናው መሥሪያ ቤት የላከችው ማስታወሻ ሁሉ «ሳጥኑ ሞልቷል» እየተባለ ሲመለስባት፣ እህል ልታስፈጭ ወፍጮ ቤት ወረደች። እዚያ አህያን አገኘችው።

«አህዮ፣ ምን ይሻለኛል?»

«ሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች አሁንም አሉሽ?»

«አሉኝ።»

«የንጉሡን ጎተራ ኃላፊ አድራሻ ልስጥሽ። አባሪ የለ፣ ፎቶ የለ፣ አርማ የለ። ርእሱ ላይ ‹የዘር ጥያቄ ከቆላው ጣቢያ› በይና ላኪው።»

ጥንቸል እዚያው ቆማ በስልኳ ላከችው። ዱቄቱ ተፈጭቶ ሳያልቅ መልሱ መጣ። የጎተራው ኃላፊ ጎሽ እንዲህ ብሎ ነበር፦ «እህቴ፣ የእናንተ ዘር ከመጋቢት ጀምሮ ተለይቶ ተቀምጧል። ጠያቂ ጠፍቶ ነው። አሁን ግን ማሽላውና በቆሎው ወቅቱ አልፎባቸዋል። በእርጥበት የሚበቅል ሽምብራና ጓያ ዛሬ አስጭናለሁ።»

ነሐሴ ሲያልቅ ሽምብራው ተዘራ። የዚያ ዓመት የቆላ እንስሳት ዓመቱን ሙሉ በሽምብራ ቂጣና በሽምብራ ሽሮ ኖሩ። ከሱ የተሻለ ሊበሉ ይችሉ እንደነበር የሚያውቁት ጥንቸል፣ አህያና ጎሽ ብቻ ናቸው።

ነገሩ ለአቶ ዝሆን ዘግይቶ ደረሳቸው። አልተናደዱም። ዘር መጥቷልና «የተሳካ የዘር ስርጭት» የሚል ባለ 84 ሜጋባይት ሪፖርት እንዲዘጋጅ አዘዙ። በሽፋኑ ላይ እሳቸው ሽምብራ በኩምባቸው ይዘው ይታያሉ። አንድ ነገር ግን ሊታለፍ አልቻለም፤ ጥንቸል ያለ አርማ፣ ያለ ቁጥር፣ ያለ ማህተም፣ ያለ ግልባጭ ለንጉሥ ቢሮ ጽፋለች። ኮሚቴው ተሰብስቦ በአንድ ድምፅ ከሥራ እንድትሰናበት ወሰነ።

የስንብት ደብዳቤው ተጻፈ። ለአገሩ ሠራተኞች ሁሉ መቀጣጫ ይሆን ዘንድ የጥፋቱ ዝርዝር፣ የመመሪያው ሙሉ ቃልና የኮሚቴው አባላት ፎቶ ተካተተበት። ታተመ፤ ተፈረመ፤ ማህተም ተመታ፤ በ600 ዲፒአይ በቀለም ስካን ተደረገ። ወረቀት አልባ አሠራር ነውና በኢሜይል ተላከ። የቆላው ጣቢያ በር የሚያሳልፈው 10 ሜጋባይት ነው፤ የስንብቱ ደብዳቤ 31 ሜጋባይት ነበር። ተመለሰ። እንደገና ተላከ፤ ተመለሰ። አሁን ስለ ጉዳዩ ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ አያ ጅቦም የጨረታ ሰነድ እያዘጋጀ ነው።

ጥንቸል ግን ስለ ስንብቷ የሰማችው ነገር ስለሌለ በሥራዋ ላይ ናት። የዘንድሮውን የማሽላ ዘር ገና በመጋቢት፣ በአንድ መስመር ጠይቃ ተቀብላለች።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ!